ያልተሰበሰበው ኮሚቴ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ፣ የቤት ዕቃ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ አለ። ባለቤቱ የየካ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ የሚሠሩት በባሕር ዛፍ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ እየተሰነጠቀና እየተጣመመ መከራቸውን ያያሉ። እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። የፋብሪካው የምርት ኃላፊ አብራኝ የተማረች ኢንጂነር ናት። ሁለታችን ሆነን በፀሐይ ሙቀት እንጨቱን ቀስ አድርጎ የሚያደርቅ ቤት ነደፍን። ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካው የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ሥራውን የሚመራ የጋራ ኮሚቴም ተቋቋመ። ሰብሳቢው የትምህርት ክፍላችን ፕሮፌሰር፣ ጸሐፊው እኔ።

ማድረቂያው ክረምቱ ሳይገባ በፋብሪካው ጓሮ ተሠርቶ አለቀ። የመጀመሪያዎቹ ሳንቃዎች ሲወጡ ኢንጂነሯ አንዱን አንሥታ አንድ ዓይኗን ጨፍና ጠርዙን አየችው።

«እየው እስቲ! ቀጥ ብሏል፤ አንድ ስንጥቅ የለውም።»

ባለቤቱም ተቀብለው ዳበሱት። ሳንቃውን ከእጃቸው ማስቀመጥ አልፈለጉም።

ብዙም ሳይቆይ ሰብሳቢው ሥራው እንዲቆም አዘዙ። የምርምሩ ውጤት የማን እንደሆነ ሳይወሰን ፋብሪካው ሊጠቀምበት አይገባም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሰነዱ ላይ ያ ነጥብ «በቀጣይ በኮሚቴው ይወሰናል» ተብሎ ታልፏል። የሚወስነው ኮሚቴ ግን አልሰበሰብ አለ። አንዴ ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ናቸው፤ አንዴ የዲኑ ተወካይ ተቀይሮ አዲሱ ገና አልተመደበም። አንድ ጊዜማ ባለቤቱ ሥራቸውን ጥለው መጡና ከእኛ ወገን ከእኔ በቀር ሰው ጠፋ። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ብዬ፣ ሻይ ጋብዤ ሸኘኋቸው።

ክረምቱ ገባ። ማድረቂያው ተቆልፎ፣ እንጨቱ ውጭ በሸራ ተሸፍኖ ከረመ። በመጨረሻ ባለቤቱ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አንተን አልቆጣህም። ግን ጓሮዬን ይዛችሁ አትሠሩ፣ አታሠሩ! እስከ ሐሙስ ካልወሰናችሁ አፈርሰዋለሁ።»

ሰብሳቢው ስልክ አያነሡም። ሐሙስ ጠዋት ቢሯቸው ሄድኩ። እንጦጦ ላይ ዎርክሾፕ አላቸው ተባልኩ። ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ የቀረውን በእግሬ፣ ከራጉኤል የሚመለሱ ነጠላ የለበሱ ምእመናን በጭጋጉ ውስጥ እየተላለፉኝ ወጣሁ። አዳራሹ በር ላይ ጥበቃዎቹ ባጅ ካልያዝክ አትገባም አሉኝ፤ በስንት ልመና ጫማዬን ከጭቃው አራግፌ ገባሁ።

የዎርክሾፑ ርዕስ የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር አመራር ነበር። ሰብሳቢያችን መድረክ ላይ ናቸው። ከኋላቸው በትልቁ የእኛ ማድረቂያ ፎቶ፣ ከሥሩ «ውጤታማ ተሞክሮ» የሚል ጽሑፍ። ደሜ ፈላ። በዚሁ መሃል ስልኬ ነዘረ፤ ኢንጂነሯ ናት።

«ጣሪያውን ማውረድ ጀምረዋል። ፕሮፌሰሩን አገኘሃቸው?»

«ፊት ለፊቴ ናቸው» አልኳት።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። «ፕሮፌሰር፣ ፎቶው ላይ ያለው ቤት አሁን እየፈረሰ ነው። ኮሚቴው ስላልተሰበሰበ ነው የሚፈርሰው። ለባለቤቱ ቢደውሉላቸው ይቆማል።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ በአግባቡ፣ በጽሑፍ ሊቀርብ የሚገባው ጉዳይ ነው» አሉ። አወያዩ ቶሎ ብሎ የሻይ ሰዓት ነው አለ። ተከትያቸው ወጣሁ።

«በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«እንዲደውሉ ነው የመጣሁት።»

«ብቻዬን ወስኜ? ነገ ለምን ብሎ ጠያቂ ሲመጣ አንተ ትቆምልኛለህ?»

የምር ፈርተው ነበር። እንዲያ ፈርተው ሳያቸው ንዴቴ ባይበርድም ልመናውን ተውኩ። አልደወሉም።

ፋብሪካው ስደርስ ዝናብ ጀምሯል። ከማድረቂያው የቀረው መሠረቱ ብቻ ነው። ኢንጂነሯ የጣሪያውን ፕላስቲክ እንዳይሰበር አንድ በአንድ የፋብሪካው ግድግዳ ላይ ታስደግፋለች። እኔም ማገዝ ጀመርኩ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በበጋው፣ ባለቤቱ ማንንም ሳይጠይቁ ማድረቂያውን እዚያው ጓሮ መልሰው አቆሙት። እንጨቱ ቀጥ ብሎ መውጣት ጀመረ። ወሬው ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የኮሚቴው ስብሰባ በአስቸኳይ ተጠራ። ሁሉም ተገኘ፤ ወንበር እንኳ ጠፍቶ ከጎን ክፍል አመጣን። አጀንዳው «ፋብሪካው በማን ፈቃድ ተጠቀመ?» የሚል ብቻ ነበር።

«ባለቤቱ አልተጠሩም?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ጉዳዩ እሳቸውን የሚመለከት ስለሆነ ባይኖሩ ይሻላል» አሉ ሰብሳቢው።

ጸሐፊነቱ በቃኝ ብዬ ተነሣሁ። ማንም አልከለከለኝም። የዚያኑ ዕለት ለኢንጂነሯ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ሌላ ልንሞክረው ያሰብነው ነገር እኮ አለ፤ ቫርኒሹስ? ሙጫውስ? ከእንግዲህ በማን በኩል ነው አብረን የምንሠራው?»