መድኃኒት የለመደው እንግጫ

ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሣ ማዳም ጀዋሪያ መስኮቱን ሁሉ አስዘግተው ልጆቻቸው ዘንድ ፈረንሳይ ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት አየሩ በረድ ሲል በጥቅምት ነው። እስከዚያ ጅቡቲ ባለው ቪላቸው የምትቀረው ሠራተኛቸው የውብዳር ብቻ ናት። ከጓሮ ባለችው ክፍል ታድራለች፣ አቧራ ትወለውላለች፣ ማዳም «ጋዞን» የሚሉትን የግቢውን ሳር ታጭዳለች፣ ታጠጣለች። አንዳንድ ቀን የገዛ ድምፅዋን የምትሰማው ዳቦ ስትገዛ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ማዳም ከመሄዳቸው በፊት ሳሩ መሀል ቆመው ዙሪያውን አዩ። አንድ አረም ወርሶታል። ሳሩ በታጨደ ማግስት እሱ ብቻ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ ግንዱም በጣት ሲያንከባልሉት ክብ አይደለም፣ ሦስት ጎን አለው።

«ስመለስ እንዲህ ካገኘሁት ሴራሚክ አስነጥፋለሁ፣ የውብ» አሉ። «ሴራሚክ ውኃ አይጠጣም።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ የውብዳር ግን ገባት። ውኃ የማይጠጣ ግቢ አጠጪ አያስፈልገውም። ያኔ መመለሻዋ ሃያብለ ሰፈር፣ ድሮ የነበረችበት የቆርቆሮ ቤት ነው። አብረዋት ይኖሩ የነበሩት ሴቶች ግማሾቹ ዓረብ አገር ሄደዋል፣ ግማሾቹ አገራቸው ገብተዋል። በሩን ብታንኳኳ የሚያውቃት የለም።

መድኃኒት ረጪው ዓብዱልመጂድ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእሷ ይፈጥናል። ድሮ እሱ የረጨ እንደሆነ አረሙ ቢጫ ሆኖ ይወድቅ ነበር። ኋላ ኋላ ገርጣ ብሎ ያገግም ጀመር። ዘንድሮ ጭራሽ ዝናብ የዘነበለት መሰለ።

«ለመደው» አላት የመርጫ ዕቃውን ከጀርባው እያወረደ። «ያስለመድነውም እኛው ነን። በየዓመቱ ያንኑ መድኃኒት ስረጭ ደካማው ሞተ፣ የማይሞተው ተራባ።»

ሌላ፣ አገዳደሉ የተለየ መድኃኒት ማስመጣት እንዳለበት ነገራት። እስከዚያ ሳሩን ረዘም አድርጋ እንድታጭድ፣ በየቀኑ ውኃ ከመርጨትም ይልቅ አልፎ አልፎ ጠለቅ አድርጋ እንድታጠጣ መክሯት ሄደ። አረሙን ስለ መንቀል አላነሣም፤ እሷም መጠየቅ አፍራ ተወችው።

ጳጉሜ ገባ። አንድ ማምሻ አጎንብሳ ስታየው ስሙ ትዝ አላት። እንግጫ! ጎጃም ልጅ ሳለች በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከመንደሩ ልጃገረዶች ጋር እየዘፈነች የምትነቅለው፣ ጎንጉነው የቤቱ ምሰሶ ላይ የሚያስሩት እንግጫ። እጇ አልረሳም፤ ከታች ያዝ፣ ቀጥ አድርጎ ሳብ። ነጩ ጫፉ ጥቅ ብሎ ሲወጣ ከነሥሩ የነቀለችው መሰላት። በየማምሻው እያንጎራጎረች ነቀለች። ከዚያም ጎንጉና ክፍሏ በር ላይ ሰቀለችው። ሳሩ ጥርት ብሎ ሲታይ ሴራሚኩን ያስቀረችው መሰላት።

መስከረም ሳያልቅ አንድ በነቀለችበት ሦስት አራት ሆኖ በቀለ።

ዓብዱልመጂድ አዲሱን መድኃኒት ይዞ ሲመጣ አፈሩን በቢላ ቆፈረና በክር የተሰካ ይመስል ተያይዞ የወጣ፣ ሽምብራ የሚያህል ጥቁር ፍሬ መዳፏ ላይ አደረገላት።

«እናቲቱን ቆርጠሽ አፈር ውስጥ ያሉትን ልጆቿን ቀሰቀስሻቸው» አላት። ቀና ሲል በሩ ላይ የደረቀውን ጉንጉን አየ። «ይኼ ደግሞ ምንድነው? ሠርግ ነበረሽ እንዴ፣ እህቴ? እኛን ሳትጠሪ?»

«ለዘመን መለወጫ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «አገራችን ተሰብስበን ነው የምንነቅለው።»

«አሁን ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ሳቁን ዋጠው። አረሙ የባሰበትን ጥግ ሳይጠየቅ አብሯት ቆፈረ፤ አፈሩን በወንፊት እየነፉ ፍሬውን ለቀሙ። የቀረውን ረጨና መድኃኒቱ በቅጠሉ በኩል ወደ ፍሬው እስኪወርድ መልኩ ቢያስጠላትም ጣቷ እንዳይነካው አስጠነቀቃት።

ማዳም በሚገቡበት ቀን ጠዋት የውብዳር ሳሩ ዳር ቁጢጥ ብላ ነበር። እንግጫው ቢጫ ሆኖ ገና ቆሟል። እጇን ዘርግታ አንዱን ያዘች። እሳቸው እስኪደርሱ ሁሉንም መንቀል ትችላለች፤ ግቢው ለዛሬ ያምራል፣ ለከርሞ ግን ያው ነው። ለቀቀችው።

ማዳም ጫማቸውን ሳያወልቁ ሳሩን ዞረው አዩት። ስለ ተቆፈረው ጥግ ጠየቁ፤ ስለ መንቀሏ ሳይቀር ተንተባትባ ነገረቻቸው። ከቢጫዎቹ አንዱን በጫማቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

«እየሞተ ነው?»

«ቀስ እያለ ነው፣ ማዳም። ከርሞም ይወጣል፤ ግን እየቀነሰ ይሄዳል ብሏል ዓብዱልመጂድ።»

«እንግዲያው ሴራሚኩ ይቆይ» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

የውብዳር ሻንጣውን ይዛ ተከትላቸው ገባች። ማዳም ልብሳቸውን ከሻንጣ እያወጡ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ አሳዩአት። ልጅቷ አያቷን ስለለመደች የሚመጣው ዓመት ቶሎ ሄደው እስከ ጥቅምት ሳይሆን እስከ ገና እንደሚቆዩ አጫወቷት።

«ሳሩን ግን አደራ፣ የውብ። አንቺ ካለሽ አላስብም።»

«እሺ ማዳም» አለችና ከሻንጣው የወጣውን ልብስ አንድ በአንድ እያጠፈች መደርደር ጀመረች።