ትንፋሽ እስኪመለስ
በማንዴቪል ከተማ ፖስታ ቤት ቴምብር የምትሸጠው ኔሪን ፌሲ፣ የአሠልጣኝ ዳንክሊ ስም በተነሣ ቁጥር «ነፍሱን ይማረው፤ ይህን እግር የሰጠኝ እሱ ነው» ትላለች። ማጋነን ትወዳለች። በዚህኛው ግን አላጋነነችም።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ በሁለት መቶ ሜትር የትምህርት ቤቷ ተስፋ ነበረች። ዳሩ ግን የቀኝ ጭኗ የኋላ ጡንቻ በአንድ ዓመት ሁለቴ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ ከደገማት ሩጫን ትርሳው አለ። ያሳደገቻት አክስቷ ሚስ ኢቮን ጨነቃት፤ የአውቶቡስ ሹፌርነቱን በጡረታ ትቶ ሯጮች ወደሚያሠለጥነው ጎረቤቷ ወደ ዳንክሊ ወሰደቻት።

ዳንክሊ ማክሰኞና ሐሙስ ሣር ላይ አሥር ጊዜ መቶ መቶ ሜትር ያስሮጣታል፤ ያውም ጉልበቷን ሳትጨርስ፣ በእርጋታ። አንዱን በጨረሰች ቁጥር ወደ መነሻው አብሯት በእግር እየተመለሰ ያስወራታል። ሰዓት አይዝም። ወሬዋን ትንፋሽ ካልቆረጠባት ቀጣዩን ትሮጣለች፤ ከቆረጠባት ቆማ ትጠብቃለች።

ኔሪን ናቀችው። ሯጭ ተብላ ከሽማግሌ ጋር የሰፈር ወሬ መሰለቅ ምን የሚሉት ልምምድ ነው? ቶሎ ለመሮጥ ስትል መልሷን ታሳጥር ጀመር።

«ትናንት ምን በላሽ?»

«ቦዬ።»

«በምን?»

«በዓሣ።»

ሽማግሌው ቀጥ ብሎ ቆመ። «አንቺ፣ በአንድ አንድ ቃል እኔን አትሸውጂኝም። ማን እንዳበሰለው፣ ማን እንዳሳረረው፣ ማን እንዳኮረፈ ንገሪኝ። ሳትቆራርጪ።»

አንድ ሐሙስ ታክሲ አጥቶ ዘገየ። ኔሪን ማንነቷን ልታሳየው ቆርጣ፣ እየተመላለሰች ያለ ዕረፍት መሮጥ ጀመረች። እሱ ሲደርስ ስምንተኛው ላይ ጭኗ ጨምድዷት ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ቁጣውን አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

አልተቆጣም። ጉልበቱ እየተንቋቋ አጠገቧ ተቀመጠና፣ እሱም በወጣትነቱ እንደ ንፋስ ይሮጥ እንደነበር፣ የሚያርፉትን ሰነፍ እያለ ይስቅባቸው እንደነበር፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ጡንቻው ተበጥሶ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ እንደቀረ ነገራት።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አላት። «እኔን ቆይ የሚለኝ ሰው አልነበረም። አንቺ አለሽ።»

ደግነቱ ጡንቻው አልተሰነጠቀም፤ በአሥር ቀን ለቀቃት። ከዚያ ወዲያ ትንፋሿ ሳይመለስ አልተነሣችም። መጋቢት ሲገባ ከአሥረኛው ሩጫ በኋላ እንኳ ሚስ ኢቮን ከመዘምራኑ መሪ ጋር የተጣላችውን ጠብ ከነስድቡ አንድ ሳታስቀር ትተርክ ነበር። ሽማግሌው ሳቁ እያፈነው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ የምትጠብቀው እሷ ሆነች።

በኪንግስተኑ የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ፣ ያን ሁለት ጊዜ ጡንቻዋ የተሰነጠቀበትን የመሮጫውን ጥምዝ ስትጨርስ ልቧ ራደ። አልቆመችም። ሦስተኛ ወጣች፤ ከዚያም ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች አክስቷና ዳንክሊ ወደቆሙበት አጥር ሄደች።

ሚስ ኢቮን በአጥሩ ላይ እጇን ሰድዳ አቀፈቻት። «ሦስተኛም እኮ ሜዳሊያ አለው፣ የኔ እናት። በቃ፣ አታልቅሺ።»

ኔሪን ጭኗን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አላመመኝም፣ አክስቴ። ምንም አላመመኝም።»

ዳንክሊ ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።