በእኔ እጅ የተጻፈው የእርቅ ወረቀት

ያን ወረቀት ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ችሎት ውስጥ፣ በዳኛዋ እጅ ላይ ነው። ከሩቅ አወቅኩት። የመጀመሪያው መስመር ከግራ ጠርዝ ሁለት ጣት ገባ ይላል፤ አራት ነጥቦቹ እኩል ተራርቀው ተቀምጠዋል። በእኛ ብሎክ ከእኔ በቀር እንዲህ የሚጽፍ ሰው የለም። በጻፍኩት ቀን ኮርቼበት ነበር። ከሁሉ አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ይህንን ነው።

ሥራዬ ማተሚያ ቤት ነው፤ አራሚ ነኝ። ሰው ያላየውን ስሕተት ሳይ ቀኔ ያምራል። ፊደል የቆጠርኩት ግን በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከባሌ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎች መጥተው አስታረቁንና አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ።

«ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ታርቀናል ነው የሚለው፤ ሌላ ምን ሊል ነው?» አሉኝ።

የማታ ትምህርት ገብቼ ማንበብ ስችል ያን ወረቀት ከሣጥን ውስጥ አወጣሁት። ባሌን በሰው ፊት መዝለፌን አምኜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ ይላል። የፊት ጥርሴ የወለቀው በዚያው ሳምንት ነበር። ስለ ጥርሴ ምንም አይልም።

ብዙም ሳልቆይ ያን ቤት ጥዬ ወጣሁ። የሆነውን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ጥርሴን ሰው ሲጠይቀኝ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» እላለሁ። የጌጃ ሰፈሩ ቤታችን ደረጃ አልነበረውም።

አሁን የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኔ በታች ባለው ቤት አንዲት ልብስ ሰፊ ከባሏና ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ባልየው ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው አክባሪ። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጄሪካኔን ሳልጠይቀው ይሸከምልኛል። «እትዬ፣ እኔ እያለሁ እርስዎ አይልፉ» ይለኛል። እኔም እመርቀዋለሁ።

የኮንዶሚኒየም ወለል ስስ ነው። የስፌት መኪናዋ ሲሠራ ይሰማኛል፤ ሲቆምም ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን መኪናው በድንገት ይቆምና ሌላ ድምፅ ይከተላል። ያን ድምፅ ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልግም ነበር። ተነሥቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ አስጠሩኝ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። በግቢው የጋራ ቤት ውስጥ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል፤ ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ናቸው።

«በይ ልጄ፣ የሆነውን ተናገሪ» አሏት ጎረቤቴን።

«በቀበቶ መታኝ» አለች። «ልጄ እያየች።»

እንደተናገረችው ጻፍኩት። ጋሼ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አነበቡና ሳቁ። «ይሄማ ክስ ነው እንጂ እርቅ ነው እንዴ? ለስለስ አድርጊው እንጂ! አንቺ ደግሞ ቃል አያጥርሽም።»

አላጠረኝም። አዲስ ወረቀት ወሰድኩና «በመካከላችን በተፈጠረ አለመግባባት» ብዬ ጀመርኩ። ባልየው «ድምፄን ከፍ በማድረጌ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሱንም ጻፍኩ።

«እሷስ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። በሽምግልና ሁለቱም ወገን ጥፋት ያምናል፤ ማንም አንገቱን ደፍቶ እንዳይሄድ ነው ይላሉ። «አንድ ወገን ብቻ በድሎ እርቅ የለም። ትንሽ ነገር አይጠፋትም፣ እስቲ ታስብ።»

ጎረቤቴ በመርፌ የተበሳሳ ጣቷን ታይ ነበር። የምታምነው ጥፋት አልነበራትም። ሁሉም ጠበቁ። ሻይ ቀርቧል፣ እየቀዘቀዘ ነው። ያን ጊዜ ማንም ሳያዘኝ በገዛ እጄ አንድ ጥፋት ፈለግኩላት። «እኔም ተገቢ ያልሆነ መልስ በመስጠት ጠቡን በማባባሴ ተጸጽቻለሁ» ብዬ ጻፍኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«እሰይ! የተማረ ሰው እንዲህ ነው!» አሉ ጋሼ።

ፊቴ ሞቀኝ። ያኔ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው ያስፈረሟት ሴት፣ ዛሬ ሦስት ወንዶች ብዕሯን ይጠብቃሉ። በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፈረመች። የመጀመሪያውን ወረቀት ቤት ስገባ ቀድጄ ጣልኩት። ረቂቅ የማልጥል ሰው ነኝ። ያንን ግን ጣልኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የስፌት መኪናው ጨርሶ ዝም አለ። ልጇን ይዛ ጌጃ ሰፈር እኅቷ ጋ ሄዳ ነበር። ፍቺ ጠየቀች፤ ልጄ ከእኔ ጋር ትኑር አለች። ባልየው ተከራከረ፤ ልጅቷን እኔ ነኝ የማሳድጋት ብሎ። መጥሪያ ይዞ በሬን አንኳኳ፤ ምስክሩ አድርጎ ቆጥሮኝ ነው።

«ብዙ አላስቸግርዎትም፣ እትዬ። ‹የእኔ ጽሑፍ ነው፣ ፊቴ ነው የፈረመችው› ይላሉ፤ አለቀ።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ ከአባቷ ጋር ትሆናለች። እሷ በዚህ አመሏ ሰው ታሳድጋለች? ጠብ የማባብሰው እኔ ነኝ ብላ ራሷ አምና የለም እንዴ? እርስዎ እኮ ነዎት የጻፉት።»

እኔ ነበርኩ የጻፍኩት።

በማግስቱ ወደ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። ከቤቴ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ጥዬው ከወጣሁ ጀምሮ ግን ረግጬው አላውቅም። በታክሲ እንኳ በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። ጎረቤቴ ከእኅቷ ቤት ደጃፍ በተዋሰችው መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በርጩማ ሰጠችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አንብበሽው አልነበር እንዴ የፈረምሽው?»

ይህን ጥያቄ ባስታወስኩት ቁጥር አሁንም እሸማቀቃለሁ። እሷ እግሯን ከመኪናው ፔዳል አነሣች።

«አነበብኩት እንጂ። ‹ይሄ እኔ ያልኩት አይደለም› አልኩ በሆዴ። ከዚያ ደግሞ እትዬ ናቸው የጻፉት፣ እሳቸው አይሳሳቱም አልኩ። ምናልባት አባብሼ ይሆናል ብዬ ስንት ቀን ራሴን ስፈትሽ ከረምኩ መሰለዎት። የቱ ቃሌ ይሆን እያልኩ።»

ልጅቷ ከውስጥ ወጥታ ጨበጠችኝና ተመልሳ ገባች። ስነሣ ጎረቤቴ አልሸኘችኝም፤ ክር እየነከሰች ነበር።

በቀጠሮው ጧት ጋሼ ግቢ በር ላይ ጠበቁኝ። «እውነቱን ተናገሪ፣ ማን ከልክሎሽ። ብቻ እድሩን ችሎት ፊት እንዳታዋርጂን። እኛ እኮ ቤት እንዳይፈርስ ብለን ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኩ። እንደማላዋርዳቸው ነው የገባቸው።

ፍርድ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ በእግሬ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ጎረቤቴ አንደኛው አግዳሚ ላይ፣ ባልየው ሌላው ላይ ተቀምጠዋል። እሱ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩበት። የት መቀመጥ እንዳለብኝ እንኳ የማላውቅ ሰው ነበርኩ።

ዳኛዋ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ከማልኩ በኋላ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው።

«ይህ የእጅ ጽሑፍ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ፊርማው የአመልካቿ ነው?»

«የእሷ ነው። ፊቴ ነው የፈረመችው።»

ባልየው ተንፈስ ሲል ሰማሁት። እዚህ ላይ ብቆም አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ሙሉ በሙሉ እውነት ተናግሬ፣ ልጅቷን ለአባቷ አስረክቤ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤቴ መግባት እችል ነበር። ዳኛዋ ወረቀቱን ወደ ፋይሉ ልትመልሰው አነሣችው።

«ሦስተኛው መስመር ግን የእሷ ቃል አይደለም» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ጠቡን አባባስኩ አላለችም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። እሷ ያለችው ‹በቀበቶ መታኝ፣ ልጄ እያየች› ነው። መጀመሪያ እሱን ነበር የጻፍኩት።»

«የመጀመሪያው ጽሑፍ የት አለ?»

«ቀድጄዋለሁ።»

«ለምን?»

ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከየት መጀመር እንዳለብኝ አላወቅኩም። ስለ ጌጃ ሰፈሩ ቤት፣ ስለ አውራ ጣቴ፣ ስለ ጥርሴ መናገር ጀመርኩ። ደረጃ ላይ ወድቄ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ሃያ ዓመት የያዝኩት ነገር ባላሰብኩት ቦታ፣ በማያውቁኝ ሰዎች ፊት ወጣ።

«ምስክር፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ» አለች ዳኛዋ። በቁጣ አልነበረም። ትክክል ነበረች፤ ጉዳዩ የእኔ አልነበረም።

«ከእርስዎ ቤት ሆነው ሲመታት ሰምተው ያውቃሉ?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ቁጥሩን አላውቀውም» አልኩ። «ሬዲዮ እከፍት ነበር።»

ከዳኛዋ ጎን የተቀመጠችው የችሎቱ ጸሐፊ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ የተናገርኩትን እንዳለ ጻፈችው። አንድም ቃል አላለሰለሰችም።

ስወጣ ባልየው ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። «እትዬ፣ ያን ሁሉ ጄሪካን ተሸክሜልዎት!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እውነቱን ነው፤ ተሸክሞልኛል። ጋሼም በሳምንቱ የእድሩን መዝገብ ለሌላ ሰው እንዳስረክብ ላኩብኝ፤ አስረከብኩ።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተወሰነ። አባቷ እሑድ እሑድ ያያታል። የምሥራች ብሎ የነገረኝ ሰው ሁሉ በእኔ ምስክርነት እንደሆነ ነው ያወራው፤ «በርቺ፣ ጀግና ነሽ» ያሉኝም አሉ። ኋላ ከእኅቷ እንደሰማሁት ግን ዳኛዋ ልጅቷን ለብቻዋ አስጠርታ ጠይቃት ኖሯል፤ ከእኔ ቀጠሮ በፊት። «አባዬ እማዬን በቀበቶ ይመታታል» ብላለች። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ማንም አላስጠናትም፤ እኔ ቀድጄ የጣልኩትን ዐረፍተ ነገር ራሷ ተናግራዋለች።

ጎረቤቴ የስፌት መኪናዋን ልትወስድ የመጣች ቀን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ሁለት ሰዎች መኪናውን እያወረዱ ስለነበር መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ ትጽፋለች።

«የልጄ የመልቀቂያ ማመልከቻ ነው» አለችኝ። «ትምህርት ቤት ልትቀይር ነው።»

እጄ ሳላስበው ተዘረጋ። «አምጪ እስቲ፣ ልየው።»

ወረቀቱን አጠፈችው። ፊቷ ላይ ቂም አላየሁም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ይሄን እኔው ጽፌዋለሁ፣ እትዬ።»

እጄን መለስኩ። ሰዎቹ መኪናውን ይዘው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ተቸግረው ነበርና ወርጄ አንዱን ጫፍ ደገፍኩ። እስከ ታች ድረስ ተሸከምኩላት።