ጉሮሮዋ ያበጠው ዓሣ

ለቡ፣ በምንኖርበት ግቢ ጓሮ፣ ባለቤቴ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ላስቲክ አልብሶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማርባት ሲጀምር የፈራሁት ልጃችን እንዳትገባበት ብቻ ነበር። ለዓሣዎቹ መጨነቅ የመጣው በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ምግብ የምበትንላቸው እኔ ነኝና የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ፣ የትኛው እንደሚፈራ እየለየሁ ሄድኩ።

አንድ ቀን ትልቋ ዓሣ ሳትመጣ ቀረች። ከኩሬው ዳር ብቻዋን ቆማለች። ጎኗ ላይ ቅርፊቷ ተነሥቶ ቆስሏል፤ ቁስሉን ዙሪያውን ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ይዞታል። በማግሥቱም አልበላችም። በሦስተኛው ቀን ጉሮሮዋ አብጦ አየሁት።

"ቁስሉ ወደ ጉሮሮዋ ዞሯል። ቶንሲል ነው" አልኩት ባለቤቴን።

"ዓሣ ደግሞ ምን ቶንሲል አለው? እንጥል የሚቆርጥ ወጌሻ ልጥራልሽ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ለእኔ ቀልድ አልነበረም። በልጅነቴ እንጥሌን ተቆርጫለሁ። ልጄ ባሳላት ቁጥር በማንኪያ እጀታ ምላሷን ተጭኜ፣ በስልክ መብራት ጉሮሮዋን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም እህል አልወርድ ያለው ጉሮሮ ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ።

የዓሣ ቁስል በጨው ውኃ እንደሚታጠብ ልጄ ከስልኳ አንብባልኛለች። የቧንቧው ውኃ መድኃኒት መድኃኒት ስለሚሸት ከሮቶው ቀዳሁ። እየቀመስኩ፣ ጨው እንደበዛበት ሾርባ ሲሆንልኝ ዓሣዋን በእርጥብ ጨርቅ ይዤ ሳፋው ውስጥ አስገባኋት። ከዚያ ማንኪያውን አነሣሁ። አፏን ከፍቼ ጉሮሮዋን ላይ ነበር።

ገና ሳልነካት ተንፈራገጠችና ከአፏ ቢጫ በቢጫ የሆነ ነገር ተፋች።

"መግሉ ፈነዳ! ተገላገለች!" ብዬ ጮህኩ።

ልደፋው ሳፋውን ዘንበል ሳደርግ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። መግል ይሸታል፤ ይሄ አይሸትም። ደግሞም ድቡልቡል ነው፤ ከምስር ያነሰ ፍሬ። ልጄን ጠራኋት። ስልኳን አስጠግታ አጉልታ አየችና ቀና አለች።

"እማዬ፣ ዓይን አላቸው።"

የዓሣ ጫጩቶቹን ያመጣችልን የወረዳ ግብርና ባለሙያ ዘንድ ደውዬ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት።

"የኔ እናት፣ ዕንቁላሏ ነው። እስኪፈለፈል አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው፤ ለዚያ ነው የማትበላው" አለችኝ። "ወንዱ ነክሷት ይሆናል የቆሰለችው።"

"በማንኪያ ልመልስላት?"

"ኧረ በስመ አብ! እንዳትነኪያት! ጨው የሌለው ውኃ ውስጥ ቶሎ ከዕንቁላሉ ጋር አድርገሽ ሸፍኛት። ከፈለገች ራሷ በአፏ ትለቅመዋለች። ካልፈለገች አለቀ።"

ሌላ ሳፋ ሞልቼ፣ እንዳለችኝ አድርጌ፣ ፎጣ አልብሼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ሸፍኖ መተው ለእኔ ከባድ ሥራ ነው። ምን እያደረገች ይሆን? ቁስሏ እያመማት ዕንቁላል ትለቅማለች? አፏ ሞልቶ እንዴት ትተነፍሳለች? አንዱን ሳታስበው ብትውጠውስ? እጄ ወደ ፎጣው ሲሄድ ልጄ አየችኝ።

"እማዬ፣ እጅሽን!"

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ሁለታችንም እዚያው ነን። ነገርነው። አላመነንም፤ ጎንበስ ብሎ የፎጣውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። እኔ ማየት አቃተኝ፤ ፊቱን ፊቱን አየሁት።

"ቶንሲሏ አገረሸባት" አለ።

አጎነበስኩ። ሳፋው ሥር የነጡ ሦስት አራት ፍሬዎች ብቻ ቀርተዋል። እሷ ጉሮሮዋን ነፍታ፣ የቆሰለ ጎኗን ወደ እኛ አድርጋ ቆማለች። ፎጣውን ቀስ ብዬ መለስኩባት፤ ማንኪያውንም አንሥቼ ወደ ማድ ቤት ወሰድኩት።