ሎደሩን ያስቆመው ሰላምታ

ዛሬ ጠዋት የሎደሩ አካፋ የሙዚየማችን ግድግዳ ላይ ሊደርስ አንድ ክንድ ነበር የቀረው።

ለማታውቁት፣ ነገሌ ዳር ያለው፣ ጣሊያን ለእርሻው የሠራው የድንጋይ ቤት ነው። እኔ አስጎብኚው ነኝ።

እንዲፈርስ የታዘዘው ከኋላ ያለው አሮጌ መጋዘን ነው፤ እሱም ድንጋይ ነው። ሹፌሩ ግን "የድንጋዩን ቤት አፍርስ ተብያለሁ" ብሎ አልሰማ አለኝ። አለቃው ስልክ አያነሳም።

ያኔ ዘበኛችን ኦቦ ጉዮ በትራቸውን ይዘው አካፋው ፊት ቆሙ። አልተቆጡም፣ አልለመኑም። "አካም፣ ናጋ? የማን ልጅ ነህ?" አሉት።

ሹፌሩ የዚሁ አካባቢ፣ የአሬሮ ወረዳ ልጅ ነው። ሽማግሌ ሰላም እያለው ከላይ ሆኖ መመለስ ነውር ሆነበት። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

ኦቦ ጉዮ ስለ አገሩ ሰው ጠየቁት፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ውሃ ጉድጓዱ። በየቀኑ ከሥራ የሚያስረፍደኝ ሰላምታ ዛሬ እንዳያልቅ ጸለይኩ።

የአጎቱ ግመሎች ላይ ሲደርሱ አለቃው በሞተር ሳይክል እየበረረ መጣ። "መጋዘኑን ነው ያልኩህ!"

ሎደሩ ዞሮ ሲሄድ "ኦቦ፣ ሆን ብለው ነው ያቆዩት?" አልኳቸው።

"ምኑን አቆየሁት? የእናቱን ጤና እንኳ ገና አልጠየቅኩትም።"

እናንተስ ዘንድ በሰላምታ የተረፈ ቤት አለ?