ለነኢማ ጸጉር የተጠበቀው ያስሚን

ጠዋት ከድሬዳዋ ተነሳሁ። እናቴ እግሯ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል፤ የአብሮ አደጓ የእትዬ ፋጡማ ልጅ ነኢማ ደግሞ ነገ ልታገባ ነው። እናቴ ሐረር ተወልዳ ያደገች፣ ከእትዬ ፋጡማ ቤት ድግስ ቀርታ የማታውቅ ሴት ናት። ስለዚህ እኔን ላከችኝ። አበባና ወረቀት እየለጣጠፍኩ የምሠራቸውን ፖስት ካርዶች ከሙሽራዋ ግቢ አበባ እንድሠራላት ነው፤ ጅጅጋ ባሏ ቤት ስትገባ ያደገችበትን ግቢ በካርድ ይዛ ትሄዳለች። «አደራ፣ እንዳታሳፍሪኝ» አለችኝ እናቴ።

ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። አወዳይ ላይ በጫት ነጋዴዎች መሀል ቆመን ቆመን፣ ሐረር ስንደርስ ረፍዶ ነበር።

ጀጎል

ፈረስ መጋላ አደባባይ ወርጄ ወደ ጀጎል ጠባብ መንገዶች በእግሬ ገባሁ። እናቴ «አረንጓዴ በር ነው» ብላኛለች። አይ እናቴ፣ ሁሉም በር አረንጓዴ ነው! ወደ ቀኝ ስታጠፍ ግድግዳ፣ ወደ ግራ ስታጠፍ የማላውቀው ሰው ጓሮ። አንድ ልብስ ሰፊ ሽቅብ ጠቆሙኝ፣ አንዲት ሴት ቁልቁል። በየት በኩል እንደደረስኩ እስካሁን አልገባኝም።

እትዬ ፋጡማ አገላብጠው ስመው ፈጢራ በማር አቀረቡልኝ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣን። ቡገንቪሊያ፣ ጽጌረዳ፣ ሪሃን፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሽታው የሚያውድ ነጭ ያስሚን። አፌ መች ያርፋል፤ «ውይ ሲያምር! እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» እያልኩ ያስሚኑን ዞርኩት። እትዬ ፋጡማ መቀስ አምጥተው እስከ መጨረሻዋ እንቡጥ ቆርጠው አስታቀፉኝ። በደስታ ጋዜጣ መሀል እያስገባሁ በካውያ መተኮስ ጀመርኩ፤ እንዲህ ካልደረቀ ካርቶኑ ላይ አይለጠፍም።

ነኢማ እጇን ሂና ተቀብታ መጣች። ግቢውን አየች፣ እኔን አየች፣ ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ምን አጠፋሁ? ብጠይቅ እትዬ ፋጡማ «ምንም የለም ልጄ፣ ሥሪ» አሉኝ። ኮላው እጄ ላይ ደረቀ።

አፎቻዎቹ

ከሰዓት የአፎቻ ሴቶች፣ በሰርግም በሐዘንም የሚረዳዱት የሰፈሩ ማኅበርተኞች፣ ሽንኩርት ሊልጡ መጡ። አንዷ ጠጋ ብላ ያስሚኑ ለነኢማ ጸጉር የተጠበቀ መሆኑን ነገረችኝ። እንግዳ ያደነቀውን እትዬ ፋጡማ እንዴት ይከለክላሉ? ሌላዋ ግን አይደለም አለች፤ ማሻአላህ ሳልል ስላደነቅሁት፣ ዓይን ገብቶበት ሙሽራዋን እንዳይጎዳ ፈርተው ነው የቆረጡት። እነሱ ይከራከራሉ፣ እኔ የማምነው ጠፍቶኛል። ካውያ የነካውን አበባ መልሼ ግንዱ ላይ አልሰካው! እናቴን ምን ብዬ ነው የማያት?

ካርዶቹን ይዤ የነኢማን በር አንኳኳሁ። አላወቅሁም ነበር አልኳት፣ እንባዬ እየቀደመኝ። አንድ በአንድ አገላበጠቻቸውና የያስሚኑን መለሰችልኝ።

«ሌሎቹን እወስዳለሁ። ይሄንን ለእናትሽ ስጫት» አለችኝ። «ጸጉሬ ላይ የምትሰካልኝ እሷ ነበረች። ከልጅነቴ ጀምሮ ቃል ገብታልኛለች። እሷም ቀረች፣ አበባውም ሲሄድ ከፋኝ።»

እንግዲህ ይሄንን እናቴ አልነገረችኝም። አፎቻዎቹ ሰምተው ኖሮ ሽንኩርቱን ትተው ወጡ፤ ከየግቢያቸው ያገኙትን ያስሚን በነጠላቸው ቋጥረው ተመለሱ። በማግስቱ ሴቶቹ እልል ሲሉ ያስሚኑን አንድ በአንድ አነሳሁ።

ድሬዳዋ

ሰው ቤት ያማረኝን ሁሉ ጮክ ብዬ እንዳላደንቅ ተምሬያለሁ። እትዬ ፋጡማ ከቸርነት ይሁን ከፍርሃት እንደቆረጡት ግን ዛሬም አላውቅም። እናቴን ብጠይቃት ሳቀች፤ ቤቱንም አድንቀሽው ቢሆን የት ሊያድሩ ነበር አለችኝ። ከዚያ ካርዱን ሰጠኋትና የነኢማን ቃል ነገርኳት። ሳቋ ቆመ። ካርዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ታዲያ ማን ሰካላት?»

«እኔ» አልኳት።