የእትዬ ግዌን የጭጋግ ተረት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሐናን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ዘርግታ ፊቷን አጨማዳ ተቀምጣ ነበር። እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትማርበት የአማርኛ ክፍል ለዓመቱ ሊዘጋ ስለሆነ እያንዳንዱ ተማሪ ወላጆች ፊት ቆሞ አንድ ተረት በቃሉ ይናገራል ተብሏል። ፊደሉን አንድ በአንድ ትጠራዋለች፤ ከቃላቱ ግን ግማሹን አታውቃቸውም።

"ባባ፣ ሳይገባኝ ባነበው ምን ይጠቅመኛል? ታይም ማባከን ነው እኮ፣ ሲሪየስሊ።"

በመጽሐፍ ጉዳይ ቀልድ የማልወድ አባት ነኝ፤ ልጆቼም ያውቁታል። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከመጽሐፍ የለቀምኩ ሰው ስለሆንኩ፣ መጽሐፍ ፊት ተቀምጦ የሚያማርር ሰው ያናድደኛል። "አንቺ አንብቢ፤ መግባቱ ከኋላ ይደርሳል" አልኳት። ባለቤቴ ዘይነብ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ዞር እንኳን ሳትል፣ "በቃ፣ የዌልሹን ነገር ሊጀምርልሽ ነው፤ እስከ ምሳ አትነሺም" አለች።

እውነቷን ነበር። ሐናን ግን ቀደመችኝ። ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ "እሺ፣ የጭጋጉን ተረት በአማርኛ ንገረኝ። ሪከርድ አድርጌ ባስ ላይ እሰማዋለሁ" አለች። ነገርኳት። ተረቱ የእኔ አይደለም። እንዴት እጄ እንደገባ እሷም የሰማችው በቁርጥራጭ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከነሙሉነቱ እዚህ ልጻፈው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ሚስትም ልጅም አልነበረኝም። ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር፣ ማሞቂያው ክረምቱን ሙሉ ሲንኳኳ በሚከርም አፓርታማ፣ ሰይፉ ከሚባል የመርካቶ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። ሰይፉ መኪና ማቆሚያ ይሠራል። እኔ ጠዋት ጠዋት በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ የኮልፋክስን ጎዳና ይዤ ፓርክ ሂል ወደሚባል ሰፈር እሄዳለሁ። ሥራዬ አንዲት አሮጊት መርዳት ነበር፤ ቁርስ ማቅረብ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ ቤት ማጽዳት፣ ጋዜጣ ማንበብ። ዓይናቸው ደክሞ ፊደል አይለይላቸውም ነበር።

ግዌን ይባላሉ። በስሜ ብቻ ጥራኝ ቢሉኝ አፌ እምቢ አለ፤ ከእናቴ የሚበልጡትን ሴት እንዴት ብዬ? "እትዬ ግዌን" አልኳቸው። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ፣ የምትከበርና ትንሽም የምትፈራ ታላቅ እህት ማለት ነው አልኳቸው። የምትፈራ የሚለውን በጣም ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲያነሱ ሳይቀር "እትዬ ግዌን ነኝ" ማለት ጀመሩ።

አገራቸው ዌልስ ነው። ከእንግሊዝ ጎን ያለች፣ ተራራና ዝናብ የበዛባት ትንሽ አገር ናት፤ ከእንግሊዝኛ ጋር ፈጽሞ የማይመሳሰል የራሷ ቋንቋ አላት። ባለቤታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ሌላ ስቴት ሆኖ እሑድ እሑድ ይደውላል፤ እሱ ዌልሽ አይችልም። ሳሎኑ ውስጥ ግን መደርደሪያ ሙሉ የዌልሽ መጻሕፍት ነበሩ። ሳሎኑን ባቋረጡ ቁጥር ጀርባ ጀርባቸውን በጣታቸው እየነኩ ያልፋሉ፤ ሰው የጎረቤቱን ልጆች ራስ እየዳበሰ እንደሚያልፈው።

የፓርክ ሂል ዛፎች ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ወቅት፣ አንድ ጠዋት፣ ጋዜጣው አለቀብኝ። እትዬ ግዌን ወፍራም የብረት መጥበሻ ላይ ዘቢብ ያለበት ትንንሽ ቂጣ ጋግረው ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እውነቱን ለመናገር፣ ጋዜጣው ካለቀ የሚቀጥለው ሥራ መስኮት መወልወል ነበር፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይሻለኛል። ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን አረንጓዴ መጽሐፍ አወጣሁና ፊደሉ የእንግሊዝኛው ስለሆነ እንደ አጠራሩ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሻያቸውን አስቀመጡ።

"የምታነበው ይገባሃል?"

"አንድም ቃል አይገባኝም።"

"ታዲያ እንዴት ታነባለህ?"

ስለ ቁርአን ቤታችን ነገርኳቸው። ኡስታዙ ይላሉ፤ እኛ ተቀብለን እንላለን። የአረብኛውን ትርጉም የሚጠይቅ ልጅ የለም፤ እሱ ጊዜ አለው። መጀመሪያ ምላስ ይማራል፣ ልብ በኋላ ይከተላል። ዋናው ሕግ ግን ከኡስታዙ አፍ ከወጣው ላይ አለመጨመር፣ አለመቀነስ ነው። እትዬ ግዌን መነጽራቸው ጭናቸው ላይ እስኪወድቅ ሳቁና፣ "እንግዲያው ኡስታዝህ እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምር" አሉኝ።

እንዲህ ጀመርን። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እላለሁ። ከጉሮሮ የሚወጣው "ኸ"፣ ምላስ በጥርስ መሃል ወጥቶ የሚባሉት ድምፆች፣ አሜሪካኖቹን ሁሉ ያስቸገሩ ናቸው አሉኝ፤ እኔ በልጅነቴ ቁርአን ቤት ተቆንጥጬ የተማርኳቸው ስለነበሩ ወዲያው መጡልኝ። ያስቸገረኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ምላስን ላንቃ ላይ ለጥፎ በጉንጭና በጉንጭ አየር የሚነፋበት ድምፅ። ትኩስ ሻይ በስርቆት የሚያበርድ ሰው ያስመስላል። አውቶቡስ ላይ ስለማመደው አጠገቤ የነበረ ሰው ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ። ሰይፉም አልማረኝም። "እንግሊዝኛውን ጨርሰህ ነው?" ይለኛል። "ጀማል፣ ከዚህ ኮልፋክስ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ብትጮኽበት አቤት የሚልህ ሰው የለም እኮ።"

ለዚህ ዛሬ መልስ አለኝ። ሰው ለጥቅም ብቻ የሚማር ከሆነ ጥቅሙ ሲያልቅ መማሩን ያቆማል። ይህን ልጆቼ ከአፌ ብዙ ጊዜ ስለሰሙት ገና ስጀምር ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ትርጉሙ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። ያንን የልጆች ተረት መጽሐፍ እየደጋገምን ሳለን፣ ዴንቨር ጭጋግ ብዙም የማያውቅ ከተማ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ጠዋት መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆነ። እትዬ ግዌን ወደ መስኮቱ ጠቁመው "ኒውል" አሉ። ስንት ጊዜ የጠራሁት ቃል ነበር! ያን ጊዜ እንግሊዝኛም አማርኛም መሃል ሳይገባ ጭጋግ ሆኖ ታየኝ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ቃላት ከተደበቁበት እየወጡ መጡ፤ በሬው፣ አጥሩ፣ ሣሩ። የልጆቹን ስንጨርስ ወፈር ያሉትን ጀመርን። የማይገባኝን እያለፍኩ የገባኝን እያቀፍኩ ሄድኩ። አንድ የቆየ መዝገበ ቃላትም ሰጥተውኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰይፉ እያፌዘብኝ እገልጠዋለሁ።

የጭጋጉ ተረት እንዲህ ነው። በአንድ የድንጋይ አጥር ተጣልተው ሰላምታ የተነፋፈጉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። የድርቆሽ ወራት ደርሶ ሁለቱም በማለዳ ሊያጭዱ ሲወጡ ጭጋጉ አገሩን ሸፍኖታል። በዳሰሳ ያጭዳሉ። ጭጋጉ ሲገፈፍ አንዱ የሌላውን ማሳ አጭዶ አገኘው። ተሳሳትኩ ማለት ሞት ስለሆነባቸው ሁለቱም "ላግዝህ ብዬ ነው" አሉ። ተረቱ ይኸው ነው። እትዬ ግዌን ግን ሲናገሩት ግማሽ ሰዓት ይሞላል። "መጽሐፉ ላይ ያለው አጥንቱ ነው፤ ሥጋው እኔ ጋ ነው" ይሉ ነበር።

ይህን ተረት በየዓመቱ በመጋቢት፣ ዴንቨር ያሉት የዌልስ ሰዎች የአገራቸውን በዓል ሲያከብሩ፣ ቆመው የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ዓመት በዓሉ ሲቃረብ በረዶ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። የማገገሚያው ቤት ልጠይቃቸው ስሄድ እያለቀሱ ደረስኩ። ሕመሙ መስሎኝ ነርስ ልጠራ ስል እጄን ያዙኝ።

"ሌሎቹ መዝሙሩን ይችላሉ" አሉኝ። "በዌልሽ ተረት መናገር የሚችል ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ አልቀረም። ዘንድሮ ካልተነገረ በሚመጣው ዓመት መቅረቱን የሚያስታውሰው የለም። አንተ ንገርላቸው።"

እንዴት እችላለሁ አልኳቸው። ቁርአን ቤትህ እንዴት ቻልክ አሉኝ።

በየቀኑ እየሄድኩ አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መጽሐፉ ተዘጋ። እኔ በምልህ ብቻ ነው የምትይዘው አሉ፤ ከሥጋው ጋር። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ ተቀብዬ እላለሁ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሰይፉ ይህን ሲሰማ ግንባሩን ያዘ። "ሙስሊም ነህ፣ ሐበሻ ነህ፣ ቤተክርስቲያን አዳራሽ ገብተህ ለነጭ ሽማግሌዎች በገዛ ቋንቋቸው ተረት ልትነግር? ይስቁብሃል።" ከተናገረ በኋላ ግን ሸሚዜን የተኮሰልኝ እሱ ነው።

አዳራሹ ውስጥ በየጠረጴዛው ቢጫ አበባ፣ ሻይ፣ እነዚያ የዘቢብ ቂጣዎች ነበሩ። ስሜ ሲጠራ ተነሳሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቁርአን ቤት ስናስደምጥ እንደምናደርገው ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመርኩ፤ ተረቱም ወጣ። ጎረቤታሞቹ ተጣሉ። ጭጋጉ ወረደ። ገበሬው ማጭዱን አነሳ። እኔም እትዬ ግዌን እንዳሉት፣ በእሳቸው ዜማ፣ "ሻይህን ጠጣ እንጂ፣ ሊቀዘቅዝ ነው" አልኩ።

ከወደ መስኮቱ አንዲት ሴት ሳቀች። ተረቱ አስቂኝ ነውና ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። ገበሬው በጭጋግ ውስጥ እየተደናበረ ሳለ፣ "ቀስ በል፣ አውቶቡስ አያመልጥህም" አልኩ። አሁን ብዙ ሰው ሳቀ። ማሳው አጋማሽ ላይ ስደርስ ደግሞ፣ "ያቺ ነርስ የዛሬውንም ሾርባ ጨው ሳታደርግበት አመጣችው" አልኩ። አዳራሹ ፈነዳ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እትዬ ግዌን በተረቱ መሃል በዌልሽ ለእኔ ያሉኝን ሁሉ ከተረቱ ጋር ይዤዋለሁ። ሻይ የሚለውንማ ቃል አውቀው ነበር፤ የገበሬው ሚስት የምትናገረው መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ ግን እኔ ማን ነኝና ከኡስታዝ ቃል ላይ የምቀንስ? ወደ ወንበሬ ልመለስ አንድ እግሬን ሳነሳ፣ ፊት የተቀመጡ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ "ቀጥል ልጄ፣ እንዳታቆም። እሷ እኮ ናት" አሉኝ።

ቀጠልኩ። ከነሾርባው፣ ከነትራሱ፣ ከነ"መጋረጃውን ዝጋልኝ" እስከ መጨረሻው አደረስኩት። ሁለቱ ጎረቤታሞች "ላግዝህ ብዬ ነው" ሲባባሉ ከጨረስኩ በኋላ ያጨበጨቡት ጭብጨባ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ እትዬ ግዌን ጋ ስገባ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው እየጠበቁኝ ነበር።

"ተነገረ?"

"ተነገረ።"

"ሳቁ?"

"ሳቁ። በጭጋጉ ሳይሆን በሾርባው።"

አልገባቸውም። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንዳልኩት አልኩላቸው። ሻዩ ላይ ስደርስ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ሾርባው ላይ ስደርስ ነርሷ ምን ሆነው ነው ብላ እየሮጠች ገባች። ሳቃቸው ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ጠርገው፣ "በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተረቱ እንዲህ ነው የሚነገረው። ሾርባውን ብታወጣ ወየውልህ" አሉኝ። ድነው ቤታቸው ከገቡም በኋላ በየመጋቢቱ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዳምጡኝ ነበር፤ ሾርባው ጋ ስደርስ እጃቸውን እያነሱ። ካረፉ በኋላ ያ አረንጓዴ መጽሐፍ እኔ ጋ መጣ። ዛሬም አነበዋለሁ። ከሱ ቀጥሎ ያሉትንም ብዙ አነበብኩ፤ ያው ለብቻዬ፣ በዝግታ።

ወደ ሐናን ልመለስ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመጣ "ያዝኩት" ብላ ወጥ ቤቱ መሃል ቆመች። እኔና ዘይነብ ተቀመጥን። አማርኛዋ ያምራል፤ አንዳንዱ ቃል እንደማይገባት ከዓይኗ አያለሁ፣ ምላሷ ግን አልተሰናከለም። ጎረቤታሞቹ ተጣሉ፣ ጭጋጉ ወረደ፣ ገበሬው ማጭዱን አነሳ። ከዚያ ልጄ ድምፅዋን አወፍራ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ "ሐናን፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ" አለች። ትንሽ ቆይታም፣ "ዘይነብ፣ ሽንኩርቱ እያረረ ነው።"

ዘይነብ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። እኔ እንደ ልማዴ ላርም ጣቴን አነሳሁ።

"እሱ የተረቱ አይደለም።"

"አውቃለሁ፣ ባባ። ግን እሱን ስኪፕ ካደረግኩት የሚቀጥለው አይመጣልኝም።"

ጣቴን መለስኩ። ቋንቋ ከመጽሐፍ ይገኛል ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ሰብኬያለሁ፤ ስህተትም አይደለም። ግን መጽሐፉን ከፍቶ የሰጠን ሰው ሻዩም፣ ቁጣውም፣ ጨው ያጣ ሾርባውም አብሮ ይመጣል፤ ያንን ለይቶ ማውጣት እኔም አልቻልኩም። ስለዚህ ልጄ ቅዳሜ ወላጆች ፊት እንደያዘችው ትናገረዋለች፤ ከሳቁም ይሳቁ።

ዘይነብ ግን አንድ ነገር እንዲታረም ትፈልጋለች። ሽንኩርቱ አላረረም ትላለች። አርሮ ነበር።